ከምክር በፊት ጆሮ፤ ስለ ካርል ሮጀርስ የሥነ ልቡና ሕክምና

«መካሪ የሌለው ንጉሥ ያለ አንድ ዓመት አይነግሥ» ሲሉ አባቶቻችን ምክርን እጅግ አክብረዋል። በቤት ውስጥም አባት ልጁን፥ እናት ሴት ልጅዋን፥ ታላቅ ታናሹን መምከር ግዴታው መሆኑን የማያውቅ የለም። ነገር ግን ከብዙ ቤተ ሰብ አዘውትረን የምንሰማው አንድ የኀዘን ቃል አለ፤ ይኸውም «መከርሁት፥ መከርሁት፥ አልሰማኝም» የሚለው ነው። ዛሬ በዚህ ገጽ ለአንባቢዎቻችን ልናቀርበው ያሰብነው ስለ አንድ የአሜሪካ የሥነ ልቡና ሊቅ ሲሆን፥ ይህ ሰው ዕድሜውን ሙሉ የተጨነቁትን ሲረዳ ኖሮ ይህንኑ ነገር በሌላ በኩል የጠየቀ ነው። «አልሰማኝም» የሚለው መካሪ፥ እርሱ ራሱ አስቀድሞ ሰምቶ ነበርን?

ካርል ሮጀርስ የተወለደው በ1902 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚገኘው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው) ከሺካጎ ከተማ አጠገብ በምትገኘው በኦክ ፓርክ ነው። ከስድስት ልጆች አራተኛው ነበረ። ወላጆቹ ሃይማኖታቸውን የሚያጠብቁ፥ ሥራ የሚወዱ ሰዎች ስለ ነበሩ፥ በቤታቸው መጠጥና ጭፈራ፥ የካርታ ጨዋታና ቴያትር አይታወቅም ነበር። ልጁ ዐሥራ ሁለት ዓመት ሲሆነው ቤተ ሰቡ ወደ እርሻ ቦታ ተዛወረ፤ በዚያም የሌሊት ቢራቢሮዎችን ሲያረባ፥ ስለ አፈርና ስለ ከብት አመጋገብ የተጻፉትን መጻሕፍት ሲያነብ አደገ። ከእርሻውም አንድ ትምህርት ይዞ ወጣ፤ ይህም አሳብ ምንም ቢያምር እውነትነቱ የሚታወቀው ሲፈተን ነው የሚል ነው።

በዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ በመጀመሪያ እርሻን፥ ኋላም ታሪክን ተማረ። በ1922 ዓ.ም. ለዓለም የክርስቲያን ተማሪዎች ጉባኤ ወደ ቻይና አገር ተልኮ ከስድስት ወር በላይ ቈየ። በዚያ ጕዞ ላይ ቅን ልብ ያላቸው ሰዎች የተለያየ እምነት ሊይዙ እንደሚችሉ ስለ ተረዳ፥ ከወላጆቹ አሳብ ወጥቶ በራሱ መንገድ መሄድ ጀመረ። ወደ አገሩም ሲመለስ በኒው ዮርክ የሃይማኖት ትምህርት ቤት ገባ፤ ነገር ግን ሰውን መርዳት ቢወድም አንድ የተወሰነ እምነት አስቀድሞ ይዞ ለመኖር ስላልፈቀደ፥ ወደ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የመምህራን ኮሌጅ ተሻግሮ ሥነ ልቡናን ተማረ፤ በ1931 ዓ.ም. የዶክተርነት ማዕርግ ተቀበለ።

እናቲቱ በበሩ ላይ

ከ1928 ዓ.ም. ጀምሮ ሮጀርስ በኒው ዮርክ ግዛት በሮቸስተር ከተማ ሕፃናትን ከጭካኔ ለመጠበቅ በተቋቋመ ማኅበር ውስጥ ዐሥራ ሁለት ዓመት ሠራ። ወደ እርሱ የሚመጡት ልጆች ዳኞችና የበጎ አድራጎት ማኅበሮች የሚልኳቸው ናቸው፤ ከእነርሱም መካከል የሰረቁ፥ ከቤት የኰበለሉ፥ ወላጅ ያስቸገሩ ነበሩ። በዚያ ዘመን የሥነ ልቡና አዋቂ ሥራ ነው ተብሎ የሚታሰበው፥ መመርመር፥ የክፋቱን ሥር ፈልጎ ማግኘት፥ ከዚያም ያገኙትን ለባለቤቱ መግለጽና ማስረዳት ነበር።

ሮጀርስ ወደዚያ ሥራ እንደ ገባ፥ አንድ መርማሪ ከአንዲት ወላጅ ጋር ያደረገውን ንግግር የያዘ ጽሑፍ አግኝቶ ለባልደረቦቹ የጥሩ ሥራ ምሳሌ አድርጎ አቅርቦት ነበር። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ግን ያንኑ ጽሑፍ መልሶ ቢያነበው ደነገጠ። መርማሪው ብልህ መሆኑ አልጠፋውም፤ ነገር ግን ነገሩ ሁሉ በዳኛ ፊት እንደሚቆም ጠበቃ ጥያቄ ሆኖ ታየው። ሴትዮዋን በጥያቄ አጣብቆ ጥፋቷን አስለፈለፋት እንጂ፥ ለእርስዋም ሆነ ለልጅዋ አልጠቀማቸውም።

አሳቡን ፈጽሞ የለወጠው ግን በአንዲት እናት ላይ ያየው ነገር ነው። ይህች እናት እጅግ የሚያስቸግር ወንድ ልጅ ነበራት። ሮጀርስ ታሪኩን ሁሉ ከመረመረ በኋላ የነገሩ ሥር እናቲቱ ልጁን ገና በሕፃንነቱ በልቧ አለመቀበሏ መሆኑን አመነ፤ ይህንንም ልታይ ትችል ዘንድ ብዙ ጊዜ በትዕግሥትና በለዘበ ቃል ሊያስረዳት ሞከረ። እርስዋ ግን ልታየው አልቻለችም። በመጨረሻ «ሁለታችንም ደክመናል፥ አልሆነልንምና ብንተወው ይሻላል» አላት፤ እርስዋም ተስማማች፤ ተጨባብጠው ወደ በሩ ሄደች። ከበሩ ላይ ስትደርስ ግን ዞር ብላ፥ በዚህ ቦታ ለዐዋቂዎችም ምክር ትሰጣላችሁን ብላ ጠየቀችው። እሰጣለሁ ባላት ጊዜ ተመልሳ ከወንበሩ ተቀመጠችና፥ ስለ ትዳሯ ጭንቀት፥ ከባልዋ ጋር ስላለባት መከራ፥ ስለ ውድቀቷና ስለ መደናገሯ የልቧን ሁሉ ታፈስ ጀመር። የተናገረችው ነገር ቀድሞ በጥያቄ ሲጐለጐል ከነበረው የደረቀ ታሪክ ጋር አይመሳሰልም ነበር። ሮጀርስ ከዚያ በኋላ የሠራው ሥራ መስማት ብቻ ነበረ ለማለት ይቻላል። በመጨረሻም የእርስዋ ትዳር ብቻ ሳይሆን የልጁም ጠባይ ተሻሻለ።

ከዚህ ነገር ሮጀርስ የተማረው የሥራው ሁሉ መሠረት ሆነ። የሚያመው የት እንደ ሆነ፥ በየትኛው መንገድ መሄድ እንደሚገባ፥ የትኛው ነገር ተቀብሮ እንደሚኖር የሚያውቀው ባለ ሕመሙ ራሱ ነው። እንግዲህ ሐኪሙ ብልህነቱንና ዕውቀቱን ለማሳየት የማይፈልግ ከሆነ፥ መሪነቱን ለባለ ጉዳዩ ይተውለታል።

በጓዳ የበቀለ ድንች

አንባቢ «ሰው ለራሱ ቢተዉት ወደ ጥፋት አይሄድምን?» ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። ሮጀርስ ለዚህ ጥያቄ የሚሰጠው መልስ ከልጅነቱ ቤት ያስታወሰው ነገር ነው። ለክረምት የሚሆን ድንች ከምድር በታች ባለ ክፍል ውስጥ፥ ከአንዲት ትንሽ መስኮት በብዙ ርቀት ዝቅ ብሎ ይከመር ነበር። ቦታው ጨለማ፥ አፈርም የሌለው ሆኖ ሳለ ድንቹ ይበቅላል፤ ቡቃያውም በመልካም መሬት ላይ እንደሚወጣው አረንጓዴና ጠንካራ ሳይሆን፥ ነጭና ቀጭን ሆኖ ወደ መስኮቱ ብርሃን እየተሳበ ይረዝማል። ይህ ቡቃያ አያፈራም፤ ነገር ግን ተስፋ አይቈርጥም። ሮጀርስ በሆስፒታል ተጥለው የኖሩትን፥ ሕይወታቸው የተጣመመውን ሰዎች ሲያይ ይህን ቡቃያ ያስታውስ ነበር። ጠባያቸው ለሌላው እንግዳና አስፈሪ ቢመስልም፥ እነርሱ ግን በነበራቸው ጨለማ ውስጥ ወደ ብርሃን ለመድረስ የሚችሉት መንገድ ያ ብቻ ሆኖባቸው ነው። አትክልተኛ ቡቃያውን ጐትቶ አያሳድገውም፤ አፈሩን፥ ውኃውንና ብርሃኑን ይሰጠዋል፤ ማደጉ የቡቃያው ነው።

በ1940 ዓ.ም. ሮጀርስ ወደ ኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ለመምህርነት ተጠራ፤ በ1942 ዓ.ም. ስለ ምክርና ስለ ሥነ ልቡና ሕክምና የጻፈው መጽሐፍ ታተመ። በእርሱ ዘንድ ሊረዳ የሚመጣው ሰው «ሕመምተኛ» ሳይሆን «ባለ ጉዳይ» ተብሎ ይጠራ ጀመር፤ ሕመምተኛ የሐኪሙን ትእዛዝ ይጠብቃል፥ ባለ ጉዳይ ግን የነገሩ ባለቤት ነውና። ሌላም አዲስ ሥራ ጀመረ። በሐኪሙና በባለ ጉዳዩ መካከል የሚደረገውን ንግግር፥ ባለ ጉዳዩ ሲፈቅድ፥ በሸክላ እያስቀዳ ቃል በቃል አስጻፈው። በዚያ ጊዜ የነበረው ሸክላ በየሦስት ደቂቃው የሚለወጥ ስለ ነበረ ሥራው አድካሚ ነበር፤ ነገር ግን በተዘጋ በር ውስጥ ተሰውሮ የኖረው ሕክምና ለመጀመሪያ ጊዜ ለምርመራ ተገለጠ። ከ1945 ዓ.ም. ጀምሮ በሺካጎ ዩኒቨርሲቲ የምክር መሥሪያ ቤት አቋቁሞ ዐሥራ ሁለት ዓመት ሠራ። በ1947 ዓ.ም. የአሜሪካ የሥነ ልቡና ማኅበር ፕሬዚዳንት ነበረ፤ ማኅበሩም በ1956 ዓ.ም. ስለ ሳይንሳዊ አስተዋጽኦ መስጠት የጀመረውን ሽልማት በመጀመሪያ ከተቀበሉት ከሦስቱ ሊቃውንት አንዱ እርሱ ነው።

ሦስቱ መሠረቶች

በ1957 ዓ.ም. ባወጣው ጽሑፍ ሮጀርስ አንድ ሰው በሌላው ርዳታ እንዲለወጥ የሚያስፈልጉትን ነገሮች ቈጥሮ አስቀመጠ፤ ከእነርሱም ውስጥ ከረጂው ዘንድ የሚፈለጉት ሦስት ናቸው።

የመጀመሪያው እውነተኝነት ነው። በቋንቋችን «ከአንገት በላይ» የምንለው ነገር አለ፤ አፍ ይስቃል፥ ልብ ግን የለበትም። የተጨነቀ ሰው ይህን ነገር ለይቶ ለማወቅ አይቸገርም። ስለዚህ ረጂው የሊቅነት ልብስ ለብሶ ከበስተ ኋላው እንዳይሸሸግ፥ በውስጡ ያለውና በፊቱ የሚታየው አንድ እንዲሆን ያስፈልጋል። ይህ ማለት ያሰበውን ሁሉ ይናገራል ማለት አይደለም፤ ራሱን አያታልልም ማለት ነው።

ሁለተኛው ያለ ውል ማክበር ነው። ብዙ ጊዜ ለሰው የምንሰጠው ፍቅር ውል አለበት፤ «እንዲህ የሆንህ እንደ ሆነ እወድሃለሁ» ይላል። ረጂው ግን ባለ ጉዳዩ ሲቈጣም ሲፈራም፥ መልካም ነገር ሲናገርም የሚያሳፍር ነገር ሲናገርም፥ በሰውነቱ ያከብረዋል። ሥራውን ሁሉ ይወድለታል ማለት አይደለም፤ ክብሩን በሥራው ልክ አይሰፍርለትም ማለት ነው። ሰው የማይፈረድበት መሆኑን ባወቀ ጊዜ «ሆድ ይፍጀው» ብሎ የዋጠውን ነገር ማውጣት ይጀምራል፤ ያወጣውንም በዓይኑ አይቶ ይመረምረዋል።

ሦስተኛው በሌላው ልብ ገብቶ ማስተዋል ነው። ረጂው የባለ ጉዳዩን ዓለም በራሱ በባለ ጉዳዩ ዓይን ለማየት ይጥራል፤ የተረዳውንም መልሶ «የምትለኝ እንዲህ ነውን?» እያለ ያቀርብለታል። ተሳስቶ እንደ ሆነ ባለ ጉዳዩ ያርመዋል። ነገር ግን ረጂው የሌላውን ኀዘን እንደ ራሱ አድርጎ ሲያይ፥ የራሱ አለመሆኑን መርሳት የለበትም፤ ወንዝ ለወሰደው ሰው እጁን የሚዘረጋ ሰው እግሩን ከዳሩ አያነሣምና። አንዳንዶች ይህን ሥርዓት የሰውን ቃል እንደ በቀቀን መድገም ነው እያሉ ቀልደውበታል። ሮጀርስ ግን ይህ ዘዴ መባሉን አልወደደም፤ በ1986 ዓ.ም. ሲጽፍም የሚያደርገው ነገር በትክክል መረዳቱን ማረጋገጥ መሆኑን ገልጧል።

ለቤተ ሰብ የሚሆነው

ይህ ትምህርት ከሐኪም ክፍል ወጥቶ ወደ ቤት የገባው በቶሎ ነው። ከሮጀርስ ጋር የሠራችው ቨርጂንያ አክስላይን ሕፃናት ጭንቀታቸውን በንግግር ሳይሆን በጨዋታ እንደሚገልጡ አስተውላ፥ በ1947 ዓ.ም. በጨዋታ ስለሚደረግ ሕክምና መጽሐፍ ጻፈች። የሮጀርስ ተማሪና ባልደረባ የነበረው ቶማስ ጎርደን ደግሞ በ1962 ዓ.ም. ለወላጆች ትምህርት መስጠት ጀመረ።

ለወላጆች የሚጠቅመው ነገር በተለይ ስለ ውል ፍቅር የተባለው ነው። ሮጀርስ እንደሚያስረዳው፥ ሕፃን የወላጁን ፍቅር ከምግብ ባልተናነሰ ይፈልገዋል። «ጐበዝ ልጅ አይፈራም» የተባለ ልጅ ፍርሃቱ አይጠፋም፤ መፍራቱን ግን ከወላጁ፥ ኋላም ከራሱ ይሰውራል። እንዲህ እያለ የሚሰማውን ትቶ የሚወደድበትን ብቻ እየተከተለ ያድግና፥ ዐዋቂ በሆነ ጊዜ ምን እንደሚፈልግ ራሱን ቢጠይቀው መልስ ያጣል።

ለምሳሌ ያህል አንዲት ልጅ ከትምህርት ቤት መጥታ «ነገ አልሄድም!» አለች እንበል። አንዲቱ እናት «ምን ሆነሽ ነው? ትሄጃለሽ! ስንቱ ልጅ ትምህርት አጥቶ!» ትላለች። ይህ ቃል እውነት ነው፤ ነገር ግን ልጅቱን ዝም ያሰኛታል። ሌላይቱ እናት «ዛሬ አንድ የከፋሽ ነገር ያለ ይመስለኛል፥ ልጄ» ብላ ትጠብቃለች። ልጅቱ ጥቂት ቈይታ «መምህሩ በልጆች ፊት ሳቁብኝ» ትላለች፤ እናቲቱም «በሰው ፊት ማፈር ያማል» ትላታለች። ከዚህ በኋላ ልጅቱ ራስዋ «ነገ ሄጄ ያልገባኝን ለብቻቸው እጠይቃቸዋለሁ» ልትል ትችላለች፤ ባትልም እንኳ እናቲቱ የምትመክረው አሁን ነገሩን ዐውቃ ነው።

ይህን ሥርዓት ልጅን መረን መልቀቅ ነው ብሎ የሚተረጕመው ሰው ተሳስቷል። ልጅ ታናሽ ወንድሙን ሊመታ እጁን ቢያነሣ እጁ ይያዛል፤ ቍጣው ግን አይካድበትም። «ተቈጥተሃል፥ አይቻለሁ፤ መምታት ግን አይፈቀድም» የሚል ወላጅ ሁለቱንም አሟልቷል።

ለባልና ለሚስትም ሮጀርስ በ1951 ዓ.ም. በኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ ባደረገው ንግግር አንድ ቀላል ፈተና ሰጥቷል። ክርክር በተነሣ ጊዜ፥ እያንዳንዱ ተናጋሪ የራሱን አሳብ ከመናገሩ በፊት የሌላውን አሳብና ስሜት ባለቤቱ «አዎን፥ ያልሁት ይህንኑ ነው» እስኪል ድረስ መልሶ ይግለጥ። ነገሩ ቀላል ይመስላል፤ የሞከረው ሰው ግን ከሚያስበው በላይ ከባድ ሆኖ ያገኘዋል። ሮጀርስ የከባድነቱን ምክንያት ሲገልጽ፥ ሌላውን በእውነት የሚሰማ ሰው ራሱ ሊለወጥ ስለሚችል ድፍረት ይጠይቃል ብሏል።

ወሰኑ የት ነው?

ይህ ሥርዓት ተቃዋሚ አላጣም። ብዙ ሊቃውንት ሦስቱ ነገሮች ጠቃሚ ናቸው፥ ብቻቸውን ግን ለሁሉ አይበቁም ብለዋል። ሮጀርስ በ1957 ዓ.ም. ወደ ዊስኮንሲን ሄዶ፥ ስኪዞፍሬንያ በሚባለው ጽኑ የአእምሮ ሕመም በተያዙ ሰዎች ላይ ሥርዓቱን ፈተነው፤ ውጤቱ በጠቅላላው እንደ ተመኘው አልሆነም። በ1966 ዓ.ም. ደግሞ ቻርልስ ትሩአክስ የተባለው ተመራማሪ የሮጀርስን ንግግር ከተቀዳው ሲመረምር፥ ሮጀርስ ሳያውቀው ለአንዳንዱ ቃል ሞቅ ያለ፥ ለሌላው ቀዝቀዝ ያለ መልስ ይሰጥ እንደ ነበር አሳየ። እንዲህ ያለው ምርመራ የተቻለው ግን ሮጀርስ ራሱ ሥራውን በመግለጡ ነው።

ስለዚህ አንባቢዎቻችን ይህን እንዲለዩ እንወዳለን። ጆሮ መስጠት መድኃኒትን አይተካም። የማይታየውን የሚያይ፥ የማይሰማውን የሚሰማ፥ ወይም ራሱን ለመግደል የሚያስብ ሰው በቤት ውስጥ የተገኘ እንደ ሆነ፥ ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም መውሰድ ይገባል። ወደ ሐኪም ሲወሰድም የሚያደምጠው ሰው አይጣ። ከሮጀርስ በኋላ የተደረጉ ብዙ ምርምሮች፥ በረጂውና በተረጂው መካከል ያለው መግባባት ከሕክምናው ውጤት ጋር የተያያዘ መሆኑን አሳይተዋልና።

ሮጀርስ በሸመገለ ጊዜ ይህንኑ ሥርዓት በጠብ ለተለያዩ ሕዝቦች ሞከረው። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ከሰሜን አየርላንድ ከቤልፋስት የመጡትን ካቶሊኮችና ፕሮቴስታንቶች በአንድ ክፍል አስቀምጦ አነጋገራቸው፤ በ1980ዎቹም ዓመታት የዘር መለያየት ሕግ ገና ባልተሻረበት በደቡብ አፍሪካ ነጮችንና ጥቍሮችን አንድ ላይ አሰማማ። በ1987 ዓ.ም. በካሊፎርንያ፥ በላ ሆያ፥ በሰማንያ አምስት ዓመቱ ዐረፈ።

እኛም ከዚህ ሊቅ ሥራ ለቤታችን የምንወስደው ምክርን መተው አይደለም። የአባት ምክር፥ የሽማግሌ ቃል፥ የነፍስ አባት ተግሣጽ ክብሩ አይጓደልም። ነገር ግን ዘር ከመዝራት በፊት መሬቱ እንደሚታረስ፥ ከምክር በፊትም መስማት ይቅደም። ከእንግዲህ ወዲህ ልጃችን ወይም የትዳር ጓደኛችን አዝኖ በፊታችን ሲቀመጥ፥ «እንዲህ አድርግ» ከማለታችን በፊት «እስቲ ንገረኝ» እንበል፤ ካልንም በኋላ ነግሮን እስኪጨርስ ድረስ እንታገሥ።